በገጽታ ቅንብር ሳጥን ውስጥ የሚገባው እሴት ለምንና እንዴት ይረጋገጣል?

በአንድ ድረ ገጽ ገጽታ፣ ብዙዎቻችን በተለምዶ ቴም በምንለው፣ የቅንብር ገጽ ላይ «የራስጌ ቀለም» የሚል ሳጥን አለ እንበል። ገጽታውን የሠራው ባለሙያ የሚጠብቀው እንደ #336699 ያለ አጭር የቀለም ኮድ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ግን «ሰማያዊ» ብሎ በቃል ይጽፋል። ሁለተኛው ኮዱን ከሌላ ሰነድ ሲቀዳ ከኋላው ባዶ ቦታ አብሮ ይለጥፋል። ሦስተኛው ደግሞ ከአንድ የመማሪያ ገጽ ላይ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ከቀለሙ ቀጥሎ ያለውን ሴሚኮለንና የመዝጊያ ቅንፍ ጭምር ያመጣል። ሦስቱም ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ይሁን እንጂ ሦስተኛው ሰው ያመጣው ቅንፍ የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ኮዱ መሐል ሲገባ የራስጌው ደንብ ያለጊዜው ይዘጋል፤ በደንቡ ውስጥ የቀረው ትእዛዝም ሆነ ተከትሎት የሚመጣው ደንብ ትርጉም ያጣና ብራውዘሩ ይዘለዋል። የድረ ገጹ ባለቤት ቀለም ቀየርኩ ብሎ ሳለ የምርጫ ዝርዝሩ ከቦታው ተንሸራትቶ ያገኘዋል፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነም ሊገምት አይችልም።

የቅንብር እሴት ከሌላው ግብዓት የሚለይበት ነገር አለ። ጎብኚ ከአንድ ጽሑፍ ሥር የሚያሰፍረው አስተያየት እዚያው ይቀራል፤ በገጽታ ቅንብር ውስጥ የተቀመጠ ቀለም፣ የግርጌ ጽሑፍ ወይም የሎጎ አድራሻ ግን በሁሉም ገጽ ላይ፣ ለሁሉም ጎብኚ፣ ቅንብሩ እስኪቀየር ድረስ ሳያቋርጥ ይወጣል። በዚያ ላይ አንዱ እሴት በሲኤስኤስ ውስጥ፣ ሌላው የገጹን መዋቅር በሚገልጸው የኤችቲኤምኤል ምልክት፣ ማለትም በታግ፣ አትሪቢዩት (ንብረት) ውስጥ፣ ሌላው በሊንክ፣ ሌላው ደግሞ ብራውዘሩ በሚፈጽመው የጃቫስክሪፕት ኮድ ውስጥ ይገባል። በአንዱ ቦታ ምንም ጉዳት የሌለው ምልክት በሌላው ቦታ ትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ግብዓት ትክክል ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው የተጻፈውን ብቻ በማየት ሳይሆን የተጻፈው የት እንደሚገባ በማወቅ ነው። አንድ ሳጥን በቅንብር ገጹ ላይ ከመጨመሩ በፊት እሴቱ የሚያርፍበት የኮድ መስመር መታወቅ አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ተግባራት ዘወትር ይምታታሉ። ማረጋገጥ የገባውን እሴት ከተፈቀደው ቅርጽ ጋር አስተያይቶ መቀበል ወይም መመለስ ነው፤ እሴቱን ራሱን አይነካውም። ማጽዳት እሴቱን መቀየር ነው፦ ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ መቁረጥ፣ ያልተፈቀደ ታግ ማስወጣት፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር መለወጥ የመሳሰለው ሁሉ እዚህ ይገባል። ሦስተኛው ባለሙያዎች ኤስኬፕ ማድረግ የሚሉት ነው፤ ይህም እሴቱ ከተከማቸበት ዳታቤዝ ወጥቶ ገጹ ላይ በሚታተምበት ቅጽበት፣ ልዩ ትርጉም ያላቸውን ምልክቶች ብራውዘሩ እንደ ተራ ፊደል እንዲያነባቸው አድርጎ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመግቢያው ላይ፣ ሦስተኛው በመውጫው ላይ ይሠራሉ፤ አንዱም ሌላውን አይተካም። ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ለተራ ጽሑፍ፣ ለአትሪቢዩትና ለሊንክ የተለያዩ የኤስኬፕ ፈንክሽኖች (የተወሰነ ሥራ የሚሠሩ ዝግጁ ኮዶች) ያዘጋጀው መውጫዎቹ ስለሚለያዩ ነው። ሲገባ ተጣርቷል ተብሎ ሲወጣ ኤስኬፕ የማይደረግ እሴት፣ ዳታቤዙ በሌላ መንገድ በተነካ ዕለት ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ወደ ቀለሙ ሳጥን እንመለስና ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። የቀለም ኮድ በሃሽ ምልክት ይጀምራል፤ ከዚያ ከ0 እስከ 9 ያሉ አኃዞች ወይም ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደላት 3 ወይም 6 ሆነው ይከተላሉ። #369 የ#336699 አጭር አጻጻፍ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቀለም ናቸው። ይህን ቅርጽ በአንድ መስመር የፍለጋ ንድፍ መግለጽ ይቻላል፤ ስህተቱ የሚገባው ግን ንድፉ ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻ ምልክት ሳይደረግ ሲቀር ነው። ምልክቶቹ ከሌሉ ኮዱ የሚጠይቀው «ይህ ጽሑፍ ቀለም ነው?» ብሎ ሳይሆን «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሆነ ቦታ ቀለም አለ?» ብሎ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከቀለሙ ቀጥሎ ሙሉ ስክሪፕት የተለጠፈበት እሴት ያለ ችግር ያልፋል። ዎርድፕረስ በተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፒኤችፒ፣ ደግሞ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። ብዙዎች እንደ መጨረሻ ምልክት የሚጠቀሙበት የዶላር ምልክት፣ ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ መስመር ቢኖርም እንደሌለ ቆጥሮ ያሳልፋል። ስለሆነም ጥብቅ የሆነውን የመጨረሻ ምልክት መጠቀም፣ አለበለዚያም ከማረጋገጡ በፊት ዳርና ዳሩን መቁረጥ ያስፈልጋል።

በዎርድፕረስ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀው ሳኒታይዝ ሄክስ ከለር የተባለው ፈንክሽን 3 እና 6 ቁምፊ ያላቸውን ኮዶች ብቻ ይቀበላል። አዲሱ ሲኤስኤስ ግን የግልጽነት መጠንን ለመጨመር 4 ወይም 8 ቁምፊም ይፈቅዳል። ገጽታው ግልጽነትን የሚያስመርጥ የቀለም መምረጫ አቅርቦ ከበስተኋላ ይህን ፈንክሽን ከተጠቀመ፣ ተጠቃሚው በመምረጫው ላይ ያየውንና የመረጠውን ቀለም ራሱ ገጽታው ይመልስበታል። መምረጫውና ማረጋገጫው በአንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው። የ6ቱ ቁምፊ አጻጻፍ በጠቅላላው 16,777,216 ቀለሞችን ይይዛል፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው ማንኛውም ጽሑፍ፣ ማንም ጻፈው ምንም ዓይነት ይሁን፣ በዚህ አጻጻፍ ቀለም አይደለም። የተፈቀደውን መዘርዘር ያለው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ ገና ያልታሰበውን ጥቃት ጭምር ያስቀራል።

ተቃራኒው መንገድ፣ ማለትም ክፉ የሆኑ ቃላትን እየፈለጉ መከልከል፣ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2005 በግልጽ ታይቷል። ማይስፔስ የተባለው የማኅበራዊ መረብ ተጠቃሚዎቹ የግል ገጻቸውን መልክ በራሳቸው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ እንዲያስጌጡ ይፈቅድ ነበር፤ አደገኛ የሚባሉትን ታጎችና «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል ደግሞ እየፈለገ ያስወጣ ነበር። ሳሚ ካምካር የተባለ ወጣት ቃሉን ከመሐሉ በአዲስ መስመር ከፍሎ በዳራ ሥዕል የሲኤስኤስ ትእዛዝ ውስጥ አስገባው። ማጣሪያው ቃሉን አላወቀውም፤ በወቅቱ የነበሩ አንዳንድ ብራውዘሮች ግን ሁለቱን ቁራጮች አገናኝተው እንደ ትእዛዝ ፈጸሙት። ገጹን የጎበኘ ሰው ሁሉ ሳያውቅ ኮዱን ወደ ራሱ ገጽ ይገለብጥ ስለነበር፣ 20 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችን አዳረሰ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መግቢያው የገጽ ማስዋቢያ ቅንብር መሆኑ ነው። ያ የዳራ ሥዕል ትእዛዝ የሚቀበለው የሥዕል አድራሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቃሉን መፈለግም አያስፈልግም ነበር።

«የገጽታ ቅንብርን የሚነካው አስተዳዳሪ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ምን ብዬ ልጠርጥረው?» የሚል ክርክር ከባልደረቦቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። ክርክሩ የሚረሳው ብዙ ነገር አለ። አስተዳዳሪ ይሳሳታል፣ ከሌላ ቦታ ይቀዳል፣ የይለፍ ቃሉ ይሰረቅበታል። ጥያቄው፣ ማለትም ብራውዘሩ ወደ ድረ ገጹ የሚልከው መልእክት፣ ከእርሱ ብራውዘር መጣ ማለት እርሱ አስቦበት ላከው ማለትም አይደለም፤ አስተዳዳሪው ገብቶ ባለበት ሰዓት የከፈተው ሌላ ድረ ገጽ በእርሱ ስም የቅንብር ጥያቄ ሊልክ ይችላል። ይህን ለመከላከል ዎርድፕረስ ኖንስ የተባለ ምልክት ከቅጹ ጋር ይልካል፤ ምልክቱ በነባሪው፣ ማለትም ማንም ካልቀየረው በሚሠራው፣ አሠራር የሚያገለግለው ቢበዛ ለ24 ሰዓት ነው። ኖንስ ጥያቄው ከትክክለኛው ቅጽ መምጣቱን እንጂ እሴቱ ትክክል መሆኑን አይነግረንም፤ የተጠቃሚው የመብት ደረጃም ለብቻው መታየት አለበት።

መብት የሚለው ጉዳይ ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው። ብዙ ድረ ገጾች በአንድ የዎርድፕረስ ጭነት በሚተዳደሩበት ጊዜ፣ ያልተጣራ ኤችቲኤምኤል የመጻፍ መብት ያለው የበላይ አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱ ድረ ገጽ አስተዳዳሪ ይህ መብት የለውም፣ የገጽታ ቅንብርን ግን መቀየር ይችላል። እንግዲህ አንድ ገጽታ «የግርጌ ጽሑፍ» የሚል ሳጥን አቅርቦ የገባውን ሳያጣራ የሚያትም ከሆነ፣ ሥርዓቱ ሆን ብሎ የከለከለውን መብት በጓሮ በር ሰጠ ማለት ነው። ገጽታውን የሠራው ሰው ይህን አስቦት አያውቅም፤ የሆነው ግን ያው ነው።

በብራውዘሩ ላይ የሚደረገው ማረጋገጫ ለተጠቃሚው ምቾት ነው። ሳጥኑን ግዴታ ማድረግ፣ የፊደል ብዛት መገደብ፣ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ማድረግ፣ ሁሉም ሰውየው ቅጹን ከመላኩ በፊት ስህተቱን እንዲያይ ይረዳሉ። ነገር ግን በማንኛውም ብራውዘር የገንቢ መሣሪያ ገደቡን በጥቂት ሰከንድ ማንሳት፣ ወይም ብራውዘር ሳይከፍቱ ጥያቄውን በቀጥታ ድረ ገጹ ወዳለበት ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ መላክ ይቻላል። ስለዚህ ያው ምርመራ በሰርቨሩ ላይ እንደገና ይደረጋል።

ቁጥር የሚቀበሉ ሳጥኖች ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ድብቅ ስህተት የማየው በእነሱ ላይ ነው። ገጽታ ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት አብስኢንት የተባለው የዎርድፕረስ ፈንክሽን ማንኛውንም ግብዓት አሉታዊ ወዳልሆነ ሙሉ ቁጥር ይለውጣል። «16 ፒክስል» ብሎ ለጻፈ ሰው 16 ይሰጠዋል፣ ይህ መልካም ነው። «-5» ብሎ ለጻፈ ግን 5 ይሰጠዋል፤ ሰውየው ያልጠየቀውን እሴት በዝምታ ተቀብሎለታል ማለት ነው። «ትልቅ» ብሎ ለጻፈ ደግሞ 0 ይሰጠዋል፤ ሳጥኑ የፊደል መጠን ከሆነ የድረ ገጹ ጽሑፍ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ቁጥር መለወጥ ብቻውን ማረጋገጥ አይደለም፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ሊኖረው ይገባል። በሌላ በኩል 0 ትክክለኛ መልስ የሚሆንባቸው ሳጥኖች አሉ። የምስሎችን ጥግ ምን ያህል እናጉብጠው ለሚለው ጥያቄ 0 ማለት «ጥጉ ቀጥ ያለ ይሁን» ማለት ነው። ፒኤችፒ ግን ባዶ መሆንን በሚጠይቀው ኤምፕቲ በተባለው ምርመራው «0» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ባዶ ይቆጥረዋል፤ ገጽታው ይህን ምርመራ ከተጠቀመ፣ ተጠቃሚው 0 ባስገባ ቁጥር ነባሪው እሴት ተመልሶ ይመጣበታል።

ምልክት ማድረጊያ ሳጥኑም እንዲሁ ለብቻው መታየት የሚገባው ነው። በተለመደ የኤችቲኤምኤል ቅጽ፣ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ስሙንና እሴቱን ይልካል፤ ምልክቱ የተነሳለት ሳጥን ግን «አይ» ብሎ አይልክም፣ ጨርሶ ምንም አይልክም። ገጽታው «የመጣ ነገር ካለ አስቀምጥ፣ ካልመጣ የቀድሞውን ተው» በሚል አስተሳሰብ ከተጻፈ፣ ያንን ሳጥን አንዴ ያበራ ተጠቃሚ ዳግመኛ ሊያጠፋው አይችልም። ያጠፋዋል፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል፣ ገጹ ሲመለስ ምልክቱ እንደነበረ ይጠብቀዋል። መፍትሔው በቅጹ ላይ የነበሩትን ሳጥኖች ዝርዝር ገጽታው ራሱ እንዲያውቅና፣ ያልመጣውን «አጥፋ» ብሎ እንዲተረጉም ማድረግ ነው።

ከተወሰኑ አማራጮች አንዱን የሚያስመርጡ ዝርዝሮች ከተፈቀዱት እሴቶች ጋር መተያየት አለባቸው፤ ንጽጽሩም ዓይነትን ጭምር የሚያይ ጥብቅ ይሁን። እ.ኤ.አ. እስከ 2020 መጨረሻ፣ ማለትም ፒኤችፒ 8 እስከወጣበት ጊዜ ድረስ፣ ላላ ያለው ንጽጽር 0 የተባለውን ቁጥርና «ግራ» የሚልን ጽሑፍ እኩል ናቸው ይል ነበር።

ለሊንክ ሳጥኖች ቅርጹን ማየት አይበቃም፤ አድራሻው በምን ዓይነት ፕሮቶኮል እንደሚጀምር መታየት አለበት። ፒኤችፒ ውስጥ ያለው ዝግጁ የሊንክ ማረጋገጫ ጃቫስክሪፕት ብሎ ለሚጀምር አድራሻ እንኳ፣ ቅርጹ ከተስማማ፣ ትክክል ነው ሊል ይችላል። ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይፈቀዱ፤ የኢሜይልና የስልክ ሊንክ የሚያስፈልግበት ሳጥን ካለ እነሱ ለዚያ ሳጥን ብቻ ይጨመሩ። የሎጎ ምስል በተመለከተ፣ ኤስቪጂ የተባለው የምስል ዓይነት በውስጡ ስክሪፕት መያዝ ስለሚችል ዎርድፕረስ በነባሪው አይቀበለውም፤ ፋይሉ በቀጥታ ሲከፈት ወይም በገጹ ኮድ ውስጥ ሲካተት ስክሪፕቱ ሊሠራ ይችላል። ይህን ክልከላ ለደንበኛ ምቾት ብሎ የሚያነሳ ገጽታ ኃላፊነቱንም አብሮ ያነሳል።

በነፃ ጽሑፍ ሳጥኖች ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ለአንባቢ 3 ፊደል ነው፤ ባይት ለሚቆጥረው የፒኤችፒ ፈንክሽን ግን 9 ነው። «ከ60 ፊደል አይብለጥ» የሚል የመፈክር ሳጥን በባይት ከቆጠረ አማርኛ ጸሐፊን በ20ኛው ፊደል ላይ ያስቆመዋል፤ ገደቡ ለ3 የማይካፈል ቁጥር ሆኖ ጽሑፉን የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ከመሐሉ ተሰንጥቆ በቦታው ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል። «ፊደል ብቻ ይፈቀዳል» ተብሎ ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚቀበል ንድፍም በእኛ ቋንቋ የተጻፈን ስም ሁሉ ስህተት ነው ይላል። ማጥበቅ ተገቢ የሚሆነው የሚጠበቀው ነገር በትክክል ሲታወቅ ነው፤ የሰው ስምና መፈክር እንደ ቀለም ኮድ በጠባብ ንድፍ አይታጠሩም። ለእነሱ ታጎችን ማስወጣት፣ ርዝመትን በፊደል መቁጠርና በመውጫው ላይ ኤስኬፕ ማድረግ ይበቃል።

እሴቱ ትክክል ካልሆነ ምን ይደረግ? ብዙ ገጽታዎች በዝምታ ነባሪውን ይተኩና «ቅንብሩ ተቀምጧል» የሚል አረንጓዴ መልእክት ያሳያሉ። ይህን አሠራር አልቀበለውም፤ ሰውየው የጻፈው ጠፍቶ ሳለ ተቀምጧል መባሉ እውነት አይደለም። ባዶ ቦታ መቁረጥን የመሰለ ትርጉም የማይቀይር ጽዳት በዝምታ ቢደረግ ችግር የለውም፤ ትርጉም የሚቀይር ከሆነ ግን መመለስና መናገር ይሻላል። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በወጣው 4.6 እትሙ፣ በቅንብር ማስተካከያው ላይ ከማጽዳት የተለየ የማረጋገጫ ደረጃ ያስገባው ይህን ለማስቻል ነው፤ ከአንዱ ቅንብር ጋር ስህተት ሲገኝ መልእክቱ እዚያው ሳጥን ላይ ይታያል፣ ስህተቱ እስኪታረምም ድረስ ከለውጦቹ አንዱም አይቀመጥም። መልእክቱም «ልክ ያልሆነ እሴት» ብቻ ማለት የለበትም። «የራስጌ ቀለም በሃሽ ምልክት ጀምሮ 3 ወይም 6 ቁምፊ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ #336699» የሚል መልእክት ያነበበ ሰው እርዳታ ሳይጠይቅ ያርመዋል። የጻፈው ስህተትም ከሳጥኑ ሊጠፋበት አይገባም፤ የሚያርመው እሱን እያየ ነውና።

እያንዳንዱ እሴት ለብቻው ትክክል ሆኖ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የሚያበላሹበት ጊዜም አለ። የጽሑፉም የዳራውም ቀለም ነጭ ከተባለ ሁለቱም ሳጥኖች ምርመራውን ያልፋሉ፤ የሚነበብ ነገር ግን አይኖርም። ለድረ ገጽ ተደራሽነት በወጣው ደብልዩሲኤጂ በተባለው መመሪያ መሠረት፣ በተራ ጽሑፍና በዳራው መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ ደግሞ 3 ለ1 መሆን አለበት፤ ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ይህን ስሌት ገጽታው ራሱ ሊሠራው ይችላል። እዚህ ላይ ግን መከልከልን አልመርጥም፤ ንጽጽሩን በቁጥር አሳይቶ ማስጠንቀቅና ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ይሻላል፣ ሰውየው ሁለተኛውን ቀለም ገና ሊቀይር እየሄደ ሊሆን ይችላልና።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው በር ቅንብርን ከፋይል የማስገቢያው ነው። ከሌላ ድረ ገጽ የተላከ የቅንብር ፋይል ሲጫን እሴቶቹ በቅጹ በኩል አያልፉም፤ ማረጋገጫው የተጻፈው ቅጹ ላይ ብቻ ከሆነ ሁሉም ሳይታዩ ወደ ዳታቤዝ ይገባሉ። ፋይሉም ጄሰን በተባለው ተራ የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ ይሁን እንጂ፣ የተቀመጠን ጽሑፍ መልሶ ወደ ፕሮግራም መረጃ የሚለውጠውን የፒኤችፒን አንሲሪያላይዝ ፈንክሽን የሚጠይቅ አይሁን፤ ያ ፈንክሽን ከውጭ በመጣ ጽሑፍ ላይ ሲሠራ ያልታሰበ ኮድ እንዲነሳ በር ይከፍታል። የቀድሞ እትም ያስቀመጣቸው እሴቶችም አሉ፦ ከ2 ዓመት በፊት የነበረ አማራጭ ዛሬ ከዝርዝሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገጽታው እሴቱን በሚያነብበትም ጊዜ ያረጋግጣል፤ ካልተስማማው ለዚያ ገጽ ነባሪውን ይጠቀማል፣ የተቀመጠውን ግን ባለቤቱ ሳያይ አይሰርዝም።

አንድ የቅንብር ገጽ ተጠናቀቀ ሲባል እኔ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ተራ በተራ ምንም ሳልጽፍ፣ 0 ብዬ፣ የአሉታ ቁጥር ጽፌ፣ ረጅም የአማርኛ አንቀጽ ለጥፌ፣ የጥቅስ ምልክትና የመዝጊያ ቅንፍ አስገብቼ፣ የስታይል መዝጊያ ታግ ጽፌ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የፊት ገጹን ምንጭ ኮድ ከፍቼ እያንዳንዱ እሴት የት እንዳረፈና በምን መልክ እንደወጣ በዓይኔ እከታተላለሁ።